ክረምቱ ሳይበረታ፦ ስለ ዝናብ መለኪያው

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ግልገል ዓባይ የሚሞላው እኛ ጋ በዘነበው ብቻ አይደለም። ሰከላ ተራራ ላይ ሌሊት የጣለው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ታች ሜዳው ላይ ይደርሳል። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊያድር ይችላል። ከብቱንና የውሃ ፓምፑን የምናተርፈው በእነዚያ ሰዓታት ነው።

የላዩ መለኪያ ከታቹ ጋር በኔትወርክ የሚያያዘው ለዚህ ነው። አውቶማቲክ ጣቢያው በሶላር ይሠራል፣ የለካውን በሲም ካርድ ወደ ማዕከል ይልካል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በ1 ሄክታር ላይ 400,000 ሊትር ወረደ። ቀላል አይደለም!

አደራ፣ የመለኪያው አጥር ላይ ከብት እንዳይታሰር። አጠገቡም ባሕር ዛፍ አትትከሉ (ጎጃም ውስጥ ይህን መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ)። መለኪያው ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፣ አለዚያ ዛፉ ዝናቡን ይጋርድበታል። አሳንሶ የሚያሳይ መለኪያ ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል፤ ሰው ያዘናጋል።

«ሳተላይት አለ አይደል?» የምትሉ አላችሁ። አለ፤ ግን ተራራ ላይ የሚጥለውን ዝናብ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ያያል። መሬት ላይ በተለካው መታረም አለበት።

ኔትወርክ ሲጠፋ መሣሪያው መረጃውን ይዞ ይቆያል፣ ማስጠንቀቂያው ግን ይዘገያል። ስለዚህ በየጎጡ አንድ ደዋይ (ጎርፍ ሲመጣ ጎረቤቱን የሚያስጠነቅቅ ሰው) እንመድብ። ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከ ዓርብ ለጸሐፊው ስማችሁን አስመዝግቡ።