አዲሱን አበላል መለማመድ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀመር

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጠው የቀነሰውን ኪሎ ይናገራሉ። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል ባለው ጊዜ ሰውየው ምን በላ፣ እንዴት በላ፣ ምን ያህል ጊዜ አስመለሰው፣ የትኛውን ኪኒን መዋጥ ተወ የሚለው አይነሳም። ቀጠሮ የያዘው ሰውና ምግብ የሚያዘጋጅለት ቤተሰብ ግን የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነው። በሥነ ምግብ ሙያ ከእነዚህ ሕሙማን ጋር የምንሠራ ሰዎች አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። አዲሱ አበላል መለመድ ያለበት ቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በድካምና በማቅለሽለሽ ውስጥ ሆኖ አንድን የዕድሜ ልክ ልማድ መቀየር እጅግ ከባድ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የሚለውጠውንና የማይለውጠውን መለየት ይበጃል። በብዛት ከሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች አንዱ ስሊቭ ነው፤ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ጠባብ ቱቦ ይሆናል። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል፤ ምግቡ ዋናውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ሁለቱም ሆርሞኖችን ስለሚለውጡ ረሃብ ይቀንሳል። በስሊቭ የሚወጣው የጨጓራ ክፍል ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ጭራሽ የማያሰኛቸው ብዙ ናቸው። ይህ ጊዜ ያልፋል። ሲናደዱ መብላት፣ ሥራ ሲፈቱ መቀማመስ፣ ሳያላምጡ መዋጥ፣ ቀኑን ሳይበሉ ውሎ ማታ ማካካስ ግን በቀዶ ሕክምና አይወገዱም። ረሃቡ ሲመለስ አብረው ይመለሳሉ።

ስለዚህ ዝግጅቱ በማስታወሻ ደብተር ቢጀመር ጥሩ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል የተበላው ምግብ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ፣ የፈጀው ደቂቃ፣ ሰውየው የበላው ርቦት ይሁን ከፍቶት ይጻፍ። ማስታወሻው ለወቀሳ አይደለም። አንድ ሰው ሙሉ ምግብ በ5 ደቂቃ የሚጨርስ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያስመልሰው እሱ መሆኑን ከወዲሁ ያሳያል። ጣፋጭ መጠጥ ቀን ሙሉ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ኪሎው በፈሳሽ በኩል ሊመለስበት እንደሚችል ይታወቃል።

ቀጥሎ ልምምዱ ነው። እያንዳንዱ ጉርሻ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይላመጥ፤ ማንኪያው ወይም ሹካው በየጉርሻው መካከል ይቀመጥ። በምግብ ላይ መጠጣት ይቁም፤ ከበሉ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ውኃን ጭልጥ ማድረግ ቀርቶ ፉት እያሉ መጠጣት ይለመድ። ጋዝ ያለው መጠጥ ይቅር። እነዚህ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ለ30 ዓመት ከውኃ ጋር ሲያወራርድ የኖረ ሰው በአንድ ቀን አይተወውም። ሲጋራም ቢያንስ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ ቁስል እንዳይድን ከማድረጉም በላይ በተለይ ባይፓስ በተሠራለት ሰው መጋጠሚያው ላይ አልሰር ያስከትላል። በዚሁ ጊዜ የደም ምርመራም ይደረግ። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ብዙ ስለሚበላ ቫይታሚን አይጎድለውም የሚባለው ስሕተት ነው፤ የቫይታሚን ዲ እና የብረት ማዕድን እጥረት ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በብዛት ይገኛል።

የመጨረሻዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት የጉበት ጊዜ ናቸው ማለት ይቻላል። ከመጠን በላይ በወፈረ ሰው ላይ ጉበት ብዙ ጊዜ በስብ ያብጣል፤ የግራ ክፍሉ ደግሞ ጨጓራው ላይ ተጋድሞ የሚገኝ ነው። ሐኪሙ በቀጫጭን መሣሪያዎች ወደ ጨጓራው ለመድረስ ይህን ጉበት ማንሳት አለበት። ትልቅና የሚሰባበር ከሆነ ይደማል፤ ቀዶ ሕክምናው ሆድ በሰፊው ተከፍቶ እንዲሠራ ሊገደድ ወይም ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል። ለዚህ ነው በቀን ከ800 እስከ 1,200 ካሎሪ የሚደርስ፣ ስኳርና ስታርች (እንደ ዳቦና ሩዝ ያለ ምግብ) የቀነሰ፣ ፕሮቲን የበዛበት አመጋገብ የሚታዘዘው። ጉበት ያጠራቀመውን ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት ከነያዘው ውኃ ሲያወጣ፣ ስቡም ሲቀንስ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠኑ ያንሳል። “ነገ መብላት ላቆም ነውና ዛሬ ልጥገብ” ብሎ በዋዜማው የመጨረሻ ድግስ የሚያደርግ ሰው የሳምንታቱን ልፋት ያበላሻል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ይህን አመጋገብ መጀመር ያለበት ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ካስተካከለለት በኋላ ነው። በነባሩ መጠን ከቀጠለ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ከሆስፒታል ሆስፒታል ትንሽ ቢለያይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወተት፣ የተጠለለ ሾርባና የፕሮቲን መጠጥ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የላመ ምግብ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው በሹካ የሚደቅ ለስላሳ ምግብ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መደበኛ ምግብ ይመጣል። ይህ ጊዜ የተመደበው የተሰፋው መስመር እንዲድንና እብጠቱ እንዲወርድ ነው። “ምንም አላመመኝም” ብሎ በአሥረኛው ቀን ሥጋ መሞከር ስፌቱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

በመጀመሪያው ወር ሰውን በብዛት ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ የውኃ እጥረት ነው። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ያስፈልጋል፤ ጨጓራው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አይቀበልም። የሚሠራው ዘዴ በየ15 ደቂቃው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ፉት እያሉ መጠጣት ነው። አነስተኛ የመድኃኒት መለኪያ ስኒ ለዚህ በጣም ይጠቅማል። ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም፤ ሽንት ሲጠቁር፣ አፍ ሲደርቅ፣ ሲነሱ ሲያዞር ሰውነት ቀድሞውኑ ደርቋል። በኋላ ላካክስ ብሎ በአንድ ጊዜ መጠጣት ደግሞ ያስመልሳል።

አንድ የሦስተኛ ሳምንት ምሳ በቅርበት እንመልከት። ትንሽ ሳህን፣ የሻይ ማንኪያ፣ ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ የሚሆን በፈሳሽ የላመ ዓሣ ወይም ምስር። መጠጥ ከ30 ደቂቃ በፊት ተጠናቋል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ጠፍተዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይወሰዳል፣ በአፍ ውስጥ ይቆያል፣ ይዋጣል፣ ማንኪያው ይቀመጣል፣ ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል። ምግቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አዲሱ ጥጋብ እንደ ድሮው ሆድን ሞልቶ አይመጣም፤ ከደረት አጥንት ሥር የሚሰማ ጫና፣ ስቅታ ወይም ድንገተኛ የአፍንጫ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ቢቀርም ማቆም ነው። ያቺን የቀረችውን መጨረስ ሕመምና ማስመለስ ያመጣል። ቤተሰብም እባካችሁ “ትንሽ ጨምር፣ ምን በላህ?” አትበሉ፤ ከፍቅር የመጣ ግፊት መሆኑን እናውቃለን፣ ሰውየውን ግን ይጎዳል።

መደበኛ ምግብ ሲጀመር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት የደረቀ የዶሮ ሥጋ፣ ጅማት ያለው ቀይ ሥጋ፣ በአፍ ውስጥ የሚላቆጥ ትኩስ ዳቦና ሩዝ ናቸው። ምግብ ሲቀረቀር ደረት ይጨነቃል፣ አፍ በአረፋማ ምራቅ ይሞላል። በውኃ ለመግፋት መሞከር ነገሩን ያባብሰዋል፤ መውጫ የሌለው ፈሳሽ ከላይ ይከማቻልና። ማቆም፣ ተነስቶ ቀስ ብሎ መራመድ፣ እስኪያልፍ መጠበቅ ይሻላል። ለጥቂት ሰዓታት ካላለፈ ወይም ምራቅ እንኳ መዋጥ ካቃተ ሐኪም ያስፈልጋል።

ከምግቡ ሁሉ መጀመሪያ የሚበላው ፕሮቲን ነው፤ ከዚያ አትክልት፣ ቦታ ከቀረ ስታርች። ሰውነት በፍጥነት ሲቀንስ ፕሮቲን ካላገኘ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል። ግቡ በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። በዚያ ትንሽ ጨጓራ እንዴት ይደረሳል? ከሁለት ወር በኋላ ላለ ሰው አንድ ቀን እናስላ። ጠዋት አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ ረፋድ ላይ 200 ሚሊ ሊትር ወተት በ20 ግራም ስብ የሌለው የወተት ዱቄት ተበጥብጦ 14 ግራም ገደማ፣ ምሳ 60 ግራም የበሰለ ዓሣ 14 ግራም ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ 150 ግራም ስኳር የሌለው እርጎ 5 ግራም፣ እራት 60 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 18 ግራም፣ ከመኝታ በፊት 200 ሚሊ ሊትር ወተት 6 ግራም። ድምሩ 63 ነው። ከእነዚህ አንዱ በብስኩት ሲተካ ቀኑ ከ60 በታች እንደሚወርድ ልብ ይሏል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር በብዛት ሲረግፍ ሰው ይደነግጣል፤ ፈጣኑ የክብደት መቀነስ ራሱ ያመጣዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል፤ የፕሮቲንና የብረት እጥረት ግን ያባብሰዋል።

ስኳር ሌላ ጣጣ ያመጣል። በተለይ በባይፓስ፣ ጣፋጭ ነገር ያለ ጨጓራ ማቆያ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደፋ ከደም ውስጥ ፈሳሽ ይስባል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ቁርጠት፣ የልብ መምታት፣ ላብና ተቅማጥ ይከተላል። ዳምፒንግ ይባላል። ዘግይቶ የሚመጣውም አለ፤ ከበሉ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ኢንሱሊን በብዛት ስለተለቀቀ የደም ስኳር ይወርድና ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ስኳሩን ከፍ የሚያደርግ ነገር መውሰድ ግድ ነው፤ ነገር ግን ዘላቂው መፍትሔ ጣፋጩን ቀንሶ በየምግቡ ፕሮቲን ማስገባት ነው።

ኪሎ የሚመልሱት ደግሞ በቀላሉ ሟሙተው የሚያልፉ ምግቦች ናቸው፤ ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ቸኮሌት፣ አይስ ክሬም፣ ጭማቂ። ጨጓራው የቱንም ያህል ቢጠብ እነዚህን አያግድም። ቀኑን ሙሉ ሲቀማምስ የሚውል ሰው አንድ ጊዜም ሳይጠግብ የድሮውን ካሎሪ ሊያስገባ ይችላል። ከምግብ ጋር መጠጣትም ምግቡን ቶሎ አጥቦ ስለሚያወርድ ጥጋቡን ያሳጥራል።

አብዝተን የምንሠጋው በኪኒኑ ነው። መልቲቫይታሚን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ለዕድሜ ልክ ናቸው። ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ይፈለጋል፤ ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 በላይ በደንብ ስለማይወስድ ይከፋፈላል። ካርቦኔት የተባለው ዓይነት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ሲትሬት ይመረጣል። ብረትና ካልሲየም ስለሚሻሙ በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር፤ ብረት ከሻይና ከቡናም ይራቅ። ቢ12 ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚከማች በመሆኑ እጥረቱ ዘግይቶ ይገለጣል፤ “ዓመት ሙሉ ሳልውጥ ደህና ነኝ” የሚል ሰው የእግር መደንዘዝ ሲጀምረው ነርቩ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል። የደም ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደረግ።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች በተለይ ለባይፓስ አልሰር ስለሚያመጡ ይራቁ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሱስም ሊሆን ይችላል። እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር ይቆይ፤ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ከባይፓስ በኋላ አስተማማኝ ላይሆን ስለሚችል ሌላ ዘዴ ከሐኪም ጋር ይመረጥ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ መሆን፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ለቀናት የቀጠለ ማስመለስም “ከቀዶ ሕክምናው ነው” ተብሎ አይታለፍ። የታያሚን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ1፣ ክምችት በጥቂት ሳምንታት ያልቃል፤ ሲያልቅ ዓይን ይንቀጠቀጣል ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ይዘባርቃል፣ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ አስታማሚው ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለትና ለስንት ቀን እንዳስመለሰው ቶሎ ይናገር፤ ከታያሚን በፊት የሚሰጥ ግሉኮስ ችግሩን ሊያባብሰው ስለሚችል ታያሚኑ እንዲቀድም ወይም አብሮ እንዲሰጥ ያሳስብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ምግብ ባለሙያዎች