የቦይለራችን ሴፍቲ ቫልቭ ስለመደፈኑ የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ ቦይለሩን ለሸጠልንና ለገጠመልን ድርጅት፣ ለጥገና ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ቫልቩ እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ማራኪ ባለው ቤታችን ከእናንተ የተገዛ ባለ 80 ሊትር ቦይለር አለ። የገጠሙት የእናንተ ሠራተኞች ናቸው፤ የዋስትና ጊዜውም ገና አላለፈም። ከሥሩ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ውሃ የሚያስወጣው መክደኛ፣ ማንጠባጠብ ሲጀምር ደወልን። ከብዙ "ዛሬ፣ ነገ" በኋላ ባለሙያችሁ መጣ፤ ጠብታውም ቆመ። ቅሬታዬ የቆመበት መንገድ ላይ ነው።

የላካችሁት ልጅ የቫልቩን መውጫ ቴፍሎን በጠመጠመበት ታፖ (የቧንቧ መድፈኛ) ደፈነው። "አለቀ፣ ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም" ብሎን ሄደ።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ይጨምራል። ቫልቩ ውሃውን ወደ ኋላ ስለማይመልስ ትርፉ የሚወጣው በዚያችው በተደፈነችው ቀዳዳ ነው። አንድ ቀን ሙቀቱ ሲበቃ የሚያጠፋው ተርሞስታት ተበላሽቶ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ አልጠፋ ቢልስ? ጋኑን ከመፈንዳት የምታድነው እሷው ነበረች። የፕሬዠር ድስት ማስተንፈሻ ደፍኖ እሳት ላይ መጣድ ማለት እኮ ነው! ያውም አሮጊት እናቴ የምትታጠብበት ክፍል ውስጥ።

ለምን እንዳንጠባጠበ ለመጠየቅ ቢሯችሁ ስንደውል "የመስመሩ ግፊት በርትቶ ነው" ተባልን። ይህ መልስ ለእኛ ቤት አይሠራም። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ ቦይለሩ የሚሞላው ከሮቶ ነው። ሮቶው ከቦይለሩ 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ የእኛ ግፊት ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ቫልቩ ላይ የተጻፈው የመክፈቻ ግፊት ደግሞ 0.8 ሜጋፓስካል ነው፤ 8 ባር ማለት ነው። ታዲያ የቱ ግፊት ነው የከፈተው?

ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ቢል ኖሮ ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ አልደውልም ነበር። የእኛው ግን መብራቱ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞም ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥብ ነበር። እንዲህ ሲሆን ወይ መዝጊያው ላይ ደለል ወይም ከውሃው የሚጋገር ነጭ ቅርፊት ገብቷል፣ ወይ ጎሚኒው አልቋል። ማንሻዋን ከፍ ዝቅ አድርጎ በውሃ ማጠብ ነው የመጀመሪያው ሥራ። እምቢ ካለ ቫልቩ ይቀየራል። ከቦይለሩ ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም።

ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ እንዳንጠራ ደግሞ "ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይሰረዛል" የሚለው ወረቀታችሁ አስሮናል። ስለዚህ ብሬከሩን አውርደን ውሃ በምድጃ እያሞቅን ነው። የጎንደርን የጠዋት ብርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የምንጠይቀው አዲስ ቫልቭ በነጻ እንዲገጠምልን፣ ከመውጫው ወደ ወለሉ ፍሳሽ የሚወርድ ቱቦ እንዲዘረጋልንና ተርሞስታቱ እንዲፈተሽልን ነው። ምን እንደተሠራም በጽሑፍ ስጡን። ይህ ካልሆነ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለከተማው ንግድ ቢሮ እናመለክታለን። እዚያ መድረስ ግን አንፈልግም፤ ዕቃው ራሱ ጥሩ ዕቃ ነው።

ልጁን ከሥራ አባርሩት ማለቴም አይደለም። ያየውን ነው የሠራው፤ ማን እንዳሳየው የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሌሎች ደንበኞች ቤትም እንዲህ ደፍኖ ከሆነ ግን የእኛን ተራ ሳትጠብቁ መጀመሪያ እነሱ ጋ ሂዱ። እኛ ቢያንስ ብሬከሩን አውርደናል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከማራኪ