ጨርቁ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፌስታል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። በፌስታል ፋንታ ሱቆች በነፃ የሚያድሉትን ቦርሳ እንያዝ የሚለው መፍትሔ ላይ ግን አልስማማም። ያ ጨርቅ የሚመስል ቦርሳ እኮ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እሱም ያው ፕላስቲክ ነው። እኔ ቤት በር ጀርባ አሥራ ሰባት ተሰቅለዋል። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ለትምህርት ሁለት ዓመት ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ኖሬ ነበር። አከራዬ የነበሩት አሮጊት አንድ ቀን በሐምራዊ ጨርቅ የተቋጠረ ሣጥን ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቋጠሮውን ፈቱ፣ ሣጥኑን አዙረው ፊቱን ወደ እኔ አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ ከዚያ ጨርቁን አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። እኔ ደግሞ ጨርቁም የኔ መስሎኝ እጄን ዘርግቻለሁ! ሳቅ ብለው ዝም አሉ። ወጉ እንደዚያ መሆኑን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ ስጦታው ይሰጣል፣ ጨርቁ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጨርቁ ፉሮሺኪ ይባላል። ፉሮ መታጠቢያ ነው፣ ሺኪ ደግሞ ማንጠፍ። በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) ሰው ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ልብሱን ይቋጥርበት፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ከእግሩ ሥር ያነጥፈው ነበር። ዕቃን በጨርቅ መጠቅለሉ ራሱ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ ናራ ከተማ ያለው የሾሶኢን ግምጃ ቤት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆዩ መጠቅለያዎች አሉት።

ስፌት የለው፣ ዚፕ የለው፣ አራት ጫፍ ብቻ። ለምሳ ዕቃና ለመጽሐፍ 70 ሴንቲሜትር በ70 የሆነ ይበቃል። ለሐብሐብ ተለቅ ያለ ይፈለጋል፦ ሐብሐቡ መሃል ይቀመጥና በአንድ በኩል ያሉት ሁለት ጫፎች ይታሰራሉ፣ በሌላው በኩል ያሉትም እንዲሁ፣ ከዚያ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ ሲያልፍ መያዣ ይሆናል። ዋናው ቋጠሮው ነው። መጀመሪያ ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ። እኔ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ አስሬው ሐብሐቡ የሱቅ ደረጃ ላይ ፈረጠ፤ ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በትክክል ከታሰረ ግን ዕቃው ሲከብድ ይጠብቃል፣ ለመፍታት ሲፈለግ ደግሞ አንዱን ጫፍ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው።

ጃፓኖችን መላእክት ለማስመሰል አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወረቀትና የፕላስቲክ ከረጢት ሲመጣ ፉሮሺኪን ጓዳ ጣሉት፤ ዛሬም ብስኩት እንኳ አንድ በአንድ በፕላስቲክ ይታሸጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትራቸው የነበሩት ዩሪኮ ኮይኬ ከተጣሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በተሠራ ክር የተሸመነ ፉሮሺኪ ይዘው ብቅ አሉ። ስሙ «ሞታይናይ ፉሮሺኪ» ነበር። ሞታይናይ የሚሉት እናቶቻችን ፍርፋሪ መሬት ላይ ሲያዩ «ኧረ ነውር ነው» እንደሚሉት ያለ ነው። ከዚያ ዓመት ቀደም ብላ ጃፓን የሄደችው ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይም ይህንኑ ቃል ወዳው በየአገሩ ይዛው ዞራለች። የጃፓን ሱቆች ፌስታል በነፃ እንዳይሰጡ የተገደዱት ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ነው።

እኛ ደግሞ «ስንቅ ቋጠረ» የምንል ሰዎች ነን። አያቴ ሳንቲሟን የምታስረው በነጠላዋ ጫፍ ነበር። ጨርቅ መቋጠር ሊያስተምረን የሚገባ ፈረንጅም ጃፓንም የለም፤ ሌላ ነፃ ቦርሳ ከምታስተዋውቁ ይህንን ብትጽፉ ይሻል ነበር።

ካረጀ አንሶላ ሦስት ቆርጬ ጠርዛቸውን አሰፍቻለሁ። ባለፈው በአንዱ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ስቋጥር የሰፈራችን ባለሱቅ አየኝና «እህቴ፣ ስደት ነው እንዴ?» አለኝ። አሥራ ሰባቱን ቦርሳ እንዲወስድልኝ ብጠይቀው እሱም ሞልቶታል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ