ውሉ ያለቀ ተጫዋች መልቀቂያ አይለምን፦ የጤና ቡድናችን የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የኳስ ወዳጆች፣

ሶል ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2001 ቶተንሃምን ትቶ አርሴናል በነጻ ሲገባ እኛ ሰፈር ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሊደባደብ ነበር። ከሐዲ ነው፣ አይደለም ተባለ። ያለ አንድ ፓውንድ የዝውውር ክፍያ እንዴት እንደሄደ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔም ያኔ አላውቅም ነበር።

መንገዱን የከፈተው ዣን ማርክ ቦስማን ነው። ቤልጂየማዊ፣ የሊዬዥ ክለብ አማካይ፣ ከዝነኞቹ የማይቆጠር። እ.ኤ.አ. በ1990 ውሉ ሲያልቅ ክለቡ ከ120,000 ፍራንክ የወር ደመወዙ ወደ 30,000 ዝቅ የሚል አዲስ ውል አቀረበለት። እምቢ አለ። የፈረንሳዩ ደንከርክ ሊወስደው ተስማማ፤ ሊዬዥ ግን ገንዘቡን አገኛለሁ ብሎ ስላላመነ መልቀቂያው እንዲላክ አላደረገም። ውል የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ መሄድም አይችልም። 25 ዓመቱ ነበር።

ከሰሰ። ክሱ አምስት ዓመት ፈጀ። በመሃል ወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ ኖሯል፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ሪዩኒየን ደሴት ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ውሉ ያለቀ የአውሮፓ ኅብረት አገር ተጫዋች ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ሲዛወር ክፍያ መጠየቅ ቀረ። እሱ ግን በኋላ በመጠጥና በድባቴ ተጎድቶ በመንግሥት ድጎማ እስከ መኖር ደርሷል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ክፍል ነው።

የራሴንም ልንገራችሁ። ክለቤ (ስሙ ይቆይ) የአራት ወር ደመወዝ አልከፈለኝም። ስጠይቅ «በጀት አልተለቀቀም»፤ ልሂድ ስል «መልቀቂያ አንሰጥም»። ውሉን ላሳይ ብል ቅጂው በእጄ የለም፤ ፈርሜ መሳቢያቸው ውስጥ ትቼው ነው የወጣሁት። አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ደጅ ስጠና አለፈ።

የፊፋ የዝውውር ደንብ፣ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ አሁንም ካልተከፈለው ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው ይላል። ያንን ደብዳቤ የሚጽፍለት ያለው ልጅ ግን ስንት ነው? በስልክ ይለምናሉ፣ በስልክ ቃል ይገባላቸዋል። ክርክር ሲመጣ የሚያቀርቡት ወረቀት የለም።

እኛ እሁድ እሁድ ጃንሜዳ የምንጫወት የጤና ቡድን ነን። የቀድሞ ተጫዋቾች አለን፣ ሁለት ጠበቆችም አሉን (አንዱ ተከላካይ ነው፣ ከኳሱ ይልቅ ሕጉን ይችላል)። ለለቅሶ ዕድር እንዳለን ሁሉ ለተጫዋች የሥራ ክርክርም የሚደርስ ሣጥን ለማቋቋም ተስማምተናል። ሣጥኑ ውል ከመፈረሙ በፊት ያስነብባል፣ ማስጠንቀቂያ ያስጽፋል፣ የዳኝነት ይከፍላል፤ ከክልል ለክርክር ለሚመጣ ደግሞ የትራንስፖርትና የአልጋ ይሸፍናል። ያሸነፈ ያወጣንለትን ይመልሳል፣ የተሸነፈ አይጠየቅም። ከተጫዋች ኮሚሽን አንወስድም፤ ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹን በዚህ ስም የበሉ አሉ።

ለመጀመሪያው ዓመት 400,000 ብር ያስፈልገናል። 80,000ውን ከኪሳችን አዋጥተናል። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ወጪውም በየሦስት ወሩ ለሰጡት ሁሉ ይነበባል።

በወር 100 ብር የምትችሉ፣ እሷኑ ሳታቋርጡ ስጡን፤ አንድ ጊዜ ከሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ እሷ ትጠቅመናለች። በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ውድድር ላይ የምትገናኙ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ከየቡድናችሁ መዋጮ ብታሰባስቡ ትልቅ እገዛ ነው። ገንዘብ የሌለው ጠበቃ ደግሞ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይስጠን።

እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜዳ ላይ ነን፤ ደረሰኙ ከገንዘብ ያዣችን ጋር አለ። ማሊያ ይዞ የመጣም ይገባል፣ በረኛ አጥሮናል።