ጉዳዩ፦ ሦስት ሰኞ ስላለፈው ቃልዎ

ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ከሱቃችሁ ስለገዛሁት፣ ከጂም በፊት ስለሚወሰደው ዱቄት እንደ አዲስ አልተርክም። በቴሌግራም የላክሁትን አንብባችሁታል፤ ምልክቱ ያሳያል። የጠፋው መልሱ ነው።

«ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ገንዘብህን ትወስዳለህ፣ የላብራቶሪ ወረቀቱንም አሳይሃለሁ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሦስት ሰኞ ከአዘዞ በታክሲ ተመላለስኩ። ባለፈው ሰኞ ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «አለቃ የለም» አለችኝ። የእርስዎ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማል! ቆሜ ጠበቅሁ። ወጡና ምን አሉኝ? «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ከጄራኒየም አበባ የተጨመቀ ነው። አበባ ሰው ይገድላል እንዴ? አንተን ቡናም ሳያስፈራህ አይቀርም።» የቆሙት ጎረምሶች ሳቁብኝ።

እሺ፣ ስለ አበባው እናውራ። ጣሳው ላይ በደቃቁ የተጻፈው ዲኤምኤኤ ነው። ኤሊ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለአፍንጫ መታፈን ያወጣው ሰው ሠራሽ ቅመም ነው። ፈቃዱ በዚያው አቆጣጠር በ1983 ተነሥቷል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ስፖርተኛ በውድድር ጊዜ እንዳይወስደው ተከልክሏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም ተክል ውስጥ በተፈጥሮ መኖሩን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። የት አለ አበባው?

የደም ሥር ያጠባል፣ ግፊት ያንራል፣ የልብ ምት ያዛባል። የእናንተው ጣሳ ውስጥ ካፌይንም አለበት። በሰው ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው፤ እሱም በጤነኛ ወጣቶች ላይ። የዲኤምኤኤው ግማሽ ከደም እስኪወጣ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኔ ከጂም በፊት 12 ሰዓት ላይ ወስጄ ዶሮ ሲጮህ ዓይኔ አልተከደነም። ጠዋት ክሊኒክ ስለካ ግፊቴ 170 በ100። ነርሷ መሣሪያው ተሳስቶ መስሏት ደግማ ለካችኝ።

መለኪያ ማንኪያውም ጣሳው ውስጥ አልነበረም። ስደውል «በሾርባ ማንኪያ ገምት» ተባልኩ። ይሄ በርበሬ ነው እንዴ የሚገመተው? ደረሰኝም «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብዬ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስለዚህ 4,800 ብሬን ይመልሱልኝ። የሦስቱን ሰኞ የታክሲ ሒሳብም ጨምሩበት። ደግሞ ጣሳዎቹ ከመደርደሪያው ይውረዱ፤ አንድ ከአሥራ ሰባት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ዋጋ ሲጠይቅ ዓይኔ አይቷል። ያለዚያ ጣሳውንና የክሊኒኩን ወረቀት ይዤ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እሄዳለሁ።

እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ሰኞ እንዳይሉኝ።

ደንበኛችሁ የነበርኩ