ጉዳዩ፦ ራሳችሁ ቀድዳችሁ «ትኬት አይደለም» ስላላችሁኝ ትኬት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባቡሩ ስለመዘግየቱ እንደገና አልተርክም። ፋይሉ እናንተ ጋ አለ። ሦስት ጊዜ ፎርም ሞልቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ልኬያለሁ፣ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መዘግየቱንም ራሳችሁ አልካዳችሁም። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ የካሳ መጠየቂያው መስኮት ላይ ስለገጠመኝ ነገር ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፣ ስለዚህ አንዳንድ ቃል ከሻከረ ይቅርታ።

ተራዬ ሲደርስ ትኬቱን በመስታወቱ ሥር አሳለፍኩ። ልጁ የሞተ አይጥ እንዳነሳ ሰው በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው። ማንበቢያው ማሽን ክርኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ዘወር ብሎም አላየው። «ይሄ እኮ ትኬት አይደለም እርስዎ» አለኝ። ታዲያ ምንድን ነው? ስለው «ወረቀት ነዋ» አለ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። የተቀደደው ባቡሩ ውስጥ እንደሆነ፣ የቀደደውም የእናንተው ተቆጣጣሪ እንደሆነ ላስረዳው ስጀምር «አንቺ ደግሞ አትሰሚም እንዴ? ኮዱ ካልተነበበ አይሠራም አልኩሽ!» ብሎ ትኬቱን መልሶ ገፋልኝ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ለመውረድ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ስሙን ስጠይቀው ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ገልብጦ «ቀጣይ!» አለ።

አሁን ወደ ቃላችሁ ልምጣ። ያን ቀን ተቆጣጣሪው ሲመጣ ትኬቱን ዘረጋሁለት። እኔ ገና አልለቀቅኩትም፣ እሱ ደግሞ ተቻኩሏል፣ ሳብ ሲያደርገው ከጥጉ ተነስቶ እስከ ኮዱ መሃል ድረስ ተተረተረ። ደነገጥኩ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ «ምንም ችግር የለውም እናቴ፣ ቁጥሩ እስከተነበበ ድረስ ትኬት ነው» አለኝ። እኔም አምኜው ተቀመጥኩ። የደንብ ልብስ ለብሶ የተናገረ ሰው የተናገረው የእናንተን ቃል ነው ብዬ። ተሳስቻለሁ?

ቁጥሩም ያኔ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር። መጀመሪያ ቢሯችሁ ስመጣ የተቀበለችኝ ልጅ፣ ደግ ልጅ ናት እሷን አልወቅስም፣ «እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ፎቶው አይወጣም፣ ፕላስተር ለጥፈው ሰኞ ያምጡት» አለችኝ። ለጠፍኩት። ሰኞ ስመጣ ሲስተም የለም። ሐሙስ ስመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ስልኬን መዝግባችሁ «በ10 ቀን ውስጥ እንደውልልዎታለን» አላችሁና የውሃ ሽታ ሆናችሁ። እኔው ስደውል ደግሞ ያ ሙዚቃ አለ። አንድ ቀን 40 ደቂቃ አዳምጬው አሁን ቤት ስጠርግ ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ።

እናንተን ስጠብቅ ፕላስተሩ ሥር ያለው ጽሑፍ እየደበዘዘ ሄደ። መጀመሪያ ቀኑ፣ ከዚያ ከቁጥሩ የመጨረሻዎቹ አራቱ። ትኬታችሁ በቀለም የታተመ አይደለም፤ እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚጠቁር ወረቀት ነው፣ የፕላስተር ሙጫ ሲነካው ደግሞ ጽሑፉን ያጠፋዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እናንተ ግን ቀን ከሌት የምታትሙት ሰዎች ናችሁ። እንግዲህ ቀደዳችሁት፣ ለጥፊው አላችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ተበላሽቷል ብላችሁ ትመልሱኛላችሁ።

ኮዱስ ቢሆን በእርግጥ አይነበብም? ኪዩአር ኮድ ሲሠራ ጀምሮ በከፊል ቢጎዳም እንዲነበብ ታስቦ ነው፤ በከፍተኛው የጉዳት መቋቋሚያ ደረጃ ከተሠራ 30 በመቶ ገደማው ጠፍቶም ሊነበብ ይችላል። የእኔ ይነበብ አይነበብ እግዜር ይወቀው። ያ ልጅ ማሽኑን አንስቶ ቢሞክረው ሁላችንም እናውቀው ነበር። ደግሞስ ትኬቱ ባይኖርስ? የከፈልኩበት የባንክ መልእክት ስልኬ ላይ አለ፣ ስሜና የወንበር ቁጥሬ እናንተው መዝገብ ላይ አለ። ያን ወንበር ራሱ ስገባ ሌላ ሰው ተቀምጦበት አገኘሁት፣ «አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሽጧል» ተብዬ መተላለፊያው አጠገብ ነው የሄድኩት። ይህን ትቼው ነበር። የመጸዳጃ ቤቱንም መቆለፍ ትቼው ነበር። ባቡሩ ቆሞ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው ምን እንደተፈጠረ አለመናገሩንም እንዲሁ። አሁን ግን ሁሉም ይጻፍልኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የትኬቱን ግማሽ ዋጋ ነበር። ከኪሴ ያወጣሁት ስሌት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ባቡር ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ሲዘገይ ቢያንስ 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ ለተሳፋሪው ይመለሳል። የእኔው 200 ደቂቃ ነው። እኛ አውሮፓ አይደለንም ትሉ ይሆናል፣ ይሁን፤ ደቂቃው ግን የትም ያው ደቂቃ ነው።

አሁን ሙሉ ዋጋውን ነው የምፈልገው። ለእናንተ ስል አራት ጊዜ የተመላለስኩበትን ትራንስፖርትም ጨምሩበት። ከልጁም ይቅርታ እፈልጋለሁ፣ በጽሑፍ፣ «እርስዎ» ተብሎ። መልሱን እስከ መጪው ሳምንት አርብ ካላየሁ ጉዳዩን የሸማቾችን ቅሬታ ወደሚሰማው አካል እወስደዋለሁ፣ የዚህም ደብዳቤ ኮፒ አብሮ ይሄዳል።

የትኬቱን ፎቶ ከፊትም ከጀርባም አያይዣለሁ። ዋናው እኔ ጋ ይቆያል። ማየት የፈለገ ሰው ቀጠሮ ይስጠኝና ይዤው እመጣለሁ፣ ግን ከእጄ ሳይወጣ ነው የሚያየው። ፕላስተርም ከእንግዲህ አልለጥፍም።

ከሰላምታ ጋር፣
ተሳፋሪያችሁ