ያለ ማዘዣ የሚበረብር ፖሊስ ለማን ይመልሳል?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት አይበረብርም» ሲባል በየሰፈሩ እንሰማለን። ሕጉ ግን እንዲህ በደፈናው አይልም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 ሁለት በር ክፍት ትቷል። አንደኛው ብዙ አያነጋግርም፤ ፖሊስ እግር በእግር የሚያሳድደው ሰው ቤት ቢገባ፣ ወይም የያዘውን ዕቃ እዚያ ቢጥል፣ ተከትሎ መግባት ይችላል።

ጣጣው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው በዚያ ቤት ስለመደበቁ ጥቆማ ደርሶ፣ ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት መኖር አለበት። ሁሉም ባንድነት መሟላት ይኖርባቸዋል። የጎረቤት ሐሜት አይበቃም፤ የፖሊሱ ጥድፊያም እንዲሁ።

ባለፈው ክረምት በምኖርበት ግቢ የአንዲት ተከራይ ቤት ሲበረበር ቆሜ አይቻለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ፍራሹ ተገለበጠ፣ የጤፍ ማዳበሪያው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፣ ስልኳና ላፕቶፗም ተወሰዱ። «ማዘዣ አላችሁ ወይ?» ብትል «አስቸኳይ ነው» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ምን እንደተወሰደ እንኳ አልተጻፈም። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 33 ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይካሄዳል ይላል፤ በዚያ ምሽት ይህን ያነሳ አልነበረም።

ለመሆኑ አስቸኳይ መሆኑን የወሰነው ማን ነው? ራሱ በርባሪው። አንቀጽ 32 ደግሞ ያለ ማዘዣ የገባ ፖሊስ ምክንያቱን በኋላ ለዳኛ እንዲያስረዳ አያስገድደውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ቤታችንንም የስልክ ግንኙነታችንንም ይጠብቃል፤ የ1954ቱ ሕግ አርቃቂዎች ግን የአንድ ሰው ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የባንክ ሒሳብ በአንድ ኪስ ይያዛል ብለው ሊያስቡ አይችሉም ነበር።

የፖሊስ እጅ ይታሰር አላልሁም፤ ማስረጃ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩን አውቃለሁ። ነገር ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ ካዘዘ፣ ያለ ማዘዣ የተበረበረ ቤት ጉዳይም በዚያው ጊዜ ውስጥ ለዳኛ እንዲቀርብ ምክር ቤቱ ቢደነግግ ምን ይከብዳል? የተወሰደው ዕቃም በታዛቢ ፊት ተዘርዝሮ፣ ተፈርሞበት፣ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጥ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ